የፋርማሲ ቴክኒሻኖች ሚናና የነገው የጤና አገልግሎት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ወጥቶ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወይም ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የሚያመራ ሰው፣ ማዘዣ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ሕሙማንንና አስታማሚዎችን ሳያይ አያልፍም። እነዚህ ሰዎች ሐኪሙን ያገኙት ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት የሚያነጋግራቸው የመጨረሻው የጤና ባለሙያ በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ በኩል የሚቀበላቸው ሰው ሲሆን፣ ያም ሰው ብዙ ጊዜ የፋርማሲ ቴክኒሻን ነው። በመሃል አዲስ አበባ በመድኃኒት እደላ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፍሁ ፋርማሲስት እንደ መሆኔ፣ ስለዚህ ሙያ ከተማሪዎች፣ ከተገልጋዮችና ከሥራ ባልደረቦቼ በተደጋጋሚ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

የፋርማሲ ቴክኒሻን ማን ነው? ድራጊስት ከሚባለው ባለሙያ ጋር አንድ ነውን?

በአገራችን የፋርማሲ ቴክኒሻን የሚባለው በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ውስጥ በደረጃ 4 የሠለጠነ፣ የብቃት ምዘናውን ያለፈና በሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ የተሰጠው ባለሙያ ነው። ድራጊስት የሚለው መጠሪያ ቀደም ባሉት ዓመታት በዲፕሎማ ደረጃ የተመረቁትን ያመለክት ነበር፤ ዛሬም በየሰፈሩ ሰው የሚጠቀምበት ይኸው ቃል ነው። በሥራ ላይ የሚገናኙበት ቦታ አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ለይቶ አይጠራቸውም።

ፋርማሲና መድኃኒት መደብር በምን ይለያያሉ?

ፋርማሲ በፋርማሲስት ኃላፊነት የሚመራ ሲሆን፣ መድኃኒት መደብር በድራጊስት ወይም በፋርማሲ ቴክኒሻን ሊመራ ይችላል፤ የሚይዛቸው የመድኃኒት ዓይነቶችም ከፋርማሲው ያነሱ ናቸው። ይህ ልዩነት በበሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ይገለጻል፤ ሆኖም አብዛኛው ተገልጋይ ሁለቱንም «መድኃኒት ቤት» ብሎ ያልፋቸዋል። ከልዩነቱ የምንረዳው አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ፦ ቴክኒሻኑ በሕግ ፊት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ረዳት አይደለም፤ በመድኃኒት መደብር ውስጥ ለሚያድለው መድኃኒት ተጠያቂው እርሱ ራሱ ነው። ስለ ሚናው ማደግ ስንነጋገር ከዚህ እውነታ መነሳት ይኖርብናል።

ሚናው ማደግ አለበት የሚባለው ለምንድን ነው? አሁን የሚሠራው አይበቃምን?

ምክንያቱ የሕመሙ ዓይነትና የፋርማሲስቱ ሥራ አብረው በመለወጣቸው ነው። ቀድሞ በጤና ጣቢያ ለመድኃኒት የሚሰለፈው ሰው በአብዛኛው ለአንድ ሳምንት የሚወስደውን መድኃኒት ተቀብሎ የሚሄድ ነበር። ዛሬ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስምና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በየወሩ ይመላለሳሉ፤ አንድ አዛውንት በአንድ ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓይነት መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱን መቼና እንዴት እንደሚወስዱ፣ ከየትኛው ምግብ ወይም ከየትኛው የባህል መድኃኒት ጋር መጠንቀቅ እንዳለባቸው የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የፋርማሲ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ትኩረቱን በመድኃኒቱ ላይ አድርጎ ከቆየ በኋላ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፋርማሲስቱ ከሐኪሙና ከነርሱ ጋር አልጋ ለአልጋ እየዞረ የታካሚውን ሕክምና እንዲከታተል ወደ ማዘጋጀት ዞሯል። ፋርማሲስቱ ግን ሳጥን ሲቆጥር፣ ቢን ካርድ (የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ሲሞላና ፍሬ ሲያሽግ ከዋለ ወደ ታካሚው አልጋ የሚደርስበት ጊዜ አይኖረውም። እነዚያን ሥራዎች በሙሉ እምነትና በሙሉ ኃላፊነት የሚረከብ ባለሙያ ከሌለ፣ ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «ጉዳት የሌለበት መድኃኒት» በሚል ሐሳብ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ ሊወገድ የሚችለውን ከባድ የመድኃኒት ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ግብ አስቀምጦ ነበር፤ ከመድኃኒት አጠቃቀም ስህተት ጋር የተያያዘውንም ወጪ በዓለም ደረጃ በዓመት 42 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶታል። ስህተቶቹ ሲታዘዝ፣ ሲታደል፣ ሲሰጥና ሲወሰድ ይፈጠራሉ። ቴክኒሻኑ ከእነዚህ ደረጃዎች ቢያንስ በሁለቱ ላይ ይቆማል።

ቴክኒሻን ይበልጥ ኃላፊነት ቢሰጠው ስህተት አይበዛምን?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በችኮላ ሊመለስም አይገባም። ስለዚህ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሰልፉ እስከ ግቢው ድረስ በደረሰበት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ «ሜት» ብሎ የሚጀምርና ቀሪው ፊደል ተጠላልፎ የማይለይ ማዘዣ መጣ። መጠኑ 500 ሚሊ ግራም ይላል። ማዘዣውን የመገምገም ኃላፊነት የእኔ ነበር፤ የኢንፌክሽን መድኃኒት የሆነው ሜትሮኒዳዞል ብዬ አነበብሁትና አሳለፍሁት፤ ዋጋው ተሠራ፣ ተከፈለ፣ መድኃኒቱም ታሸገ። በእደላው መስኮት የነበረችው ወጣት ቴክኒሻን ግን ፓኬቱን ከመስጠቷ በፊት ወረቀቱን አጠፍ አድርጋ፣ «እማማ፣ ሐኪሙ ምን ሕመም አለብዎት አለ?» ብላ ጠየቀች። እናትየዋም «ስኳር ነው ያለኝ፣ ልጄ፤ ዛሬ ገና መጀመሬ ነው» ብለው መለሱ። የታዘዘላቸው የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ነበር። ፓኬቱ ከመስኮቱ ሳያልፍ ተመለሰ፤ ሐኪሙም ተጠርቶ ጽሑፉን አረጋገጠ።

ያንን ስህተት የሠራሁት ዲግሪ ያለኝ እኔ ስሆን፣ ያገኘችው በደረጃ 4 የሠለጠነች ባልደረባዬ ናት። ይህን የምናገረው ትምህርት ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ስህተትን የሚይዘው በደንብ የተዘረጋ የሥራ ቅደም ተከተልና በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያለ ሰው የመጠየቅ መብቱና ልምዱ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። እርሷ «ፋርማሲስቱ አይቶታል፣ የእኔ ሥራ ማቀበል ነው» ብላ ብታስብ ኖሮ እናትየዋ ለስኳራቸው የማይረዳ መድኃኒት ይዘው በሄዱ ነበር። ኃላፊነት ከሥልጠናና ከግልጽ የሥራ ዝርዝር ጋር ሲሰጥ፣ ቴክኒሻኑ የሚያቀብለውን መድኃኒት እንደ ራሱ ጉዳይ ይመለከተዋል። ሥልጠና ሳይኖር የሚጨመር ሥራ ግን በእርግጥ አደገኛ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚሰነዘረውን ሥጋት ሙሉ በሙሉ እጋራዋለሁ።

በሌሎች አገሮች ምን እየተሠራ ነው?

በብሪታንያ የፋርማሲ ቴክኒሻን የሚለውን መጠሪያ ለመጠቀም ከሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙያው ተቆጣጣሪ አካል መመዝገብ ግዴታ ሆኗል፤ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተመዘገቡ ቴክኒሻኖች ቀድሞ በተዘጋጀ የጽሑፍ መመሪያ መሠረት የተወሰኑ መድኃኒቶችን ራሳቸው እንዲሰጡ ተፈቅዷል። በዴንማርክ ፋርማኮኖም የሚባሉ ባለሙያዎች 3 ዓመት ተምረው መድኃኒት የማደልና የማማከር ሰፊ ሥልጣን አላቸው። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 ለሠለጠኑ ቴክኒሻኖች ክትባት የመስጠት ፈቃድ በመስጠት ቀዳሚ ስትሆን፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ.፣ የፌዴራሉ መንግሥት ፈቃዱን በፋርማሲስት ክትትል ሥር ወደ መላ አገሪቱ አሰፋው። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ አንድ ቴክኒሻን ያዘጋጀውን ሌላ የሠለጠነ ቴክኒሻን እንዲያረጋግጠው የሚፈቅድ አሠራር አለ፤ ማዘዣው ለታካሚው ተስማሚ መሆኑን መመርመር ግን የፋርማሲስቱ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።

እነዚህን የጠቀስሁት እንዳሉ እንድንቀዳቸው አይደለም። በሁሉም ዘንድ መጀመሪያ የመጣው ምዝገባና ሥልጠና መሆኑን፣ አዲሱ ሥራ የተጨመረው ከዚያ በኋላ መሆኑን ልብ እንድንል ነው።

በእኛ አገር ቴክኒሻን ክትባት መስጠት ይችላልን?

በአሁኑ አሠራር ክትባት የነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ እነርሱም በሚገባ እየሠሩት ይገኛሉ። ለአገራችን ቴክኒሻኖች ከዚህ የበለጠ አስቸኳይ የሆኑ ሌሎች ሥራዎች አሉ።

እነዚያ አስቸኳይ ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?

በእኔ ግምት የመጀመሪያው የመድኃኒት ምክር ነው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ለሕፃን የሚታዘዘው የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ዱቄት ሆኖ በጠርሙስ ይመጣል። እናት ቤቷ ወስዳ ስትበጠብጠው ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን እንዳለበት፣ ዱቄቱ እንዲላቀቅ ጠርሙሱን አስቀድማ መታ መታ ማድረግ እንደሚገባት፣ ውኃውን በከፊል ጨምራ ከናጠች በኋላ እስከ ምልክቱ መሙላት እንዳለባት፣ ከተበጠበጠ በኋላ ማሸጊያው ላይ እንደ ተጻፈው ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ እንደሚያገለግል ካልተነገራት፣ በትክክል የታዘዘው መድኃኒት ወይ ቀጥኖ ወይ ወፍሮ ልጁ ዘንድ ይደርሳል። በቤት ውስጥ ያለ ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር አይይዝም፤ ስለዚህ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ሰጥቶ ልኩን በጣት ማሳየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። በሰልፍ በተጨናነቀ መስኮት ላይ እነዚህን 3 ደቂቃዎች ማን ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቴክኒሻኑ ነው፤ ግን ሥራው እንደ ሥራ ተቆጥሮለት፣ ጊዜውም ተመድቦለት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ መድኃኒትን በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል። በእኛ ከተማ ደግሞ «አንድ ሁለት ፍሬ ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ጠያቂው ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የቆየ ደንበኛ ስለሚሆን እምቢ ማለት ይከብዳል። እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ መሸጣቸው የተከለከለ መሆኑን ሁሉም ቴክኒሻን ያውቃል። ሆኖም ብቻውን ባንኮኒ ላይ ቆሞ፣ የዕለት ሽያጩን የሚቆጥር አሠሪ ከበስተኋላው ተቀምጦ፣ ደንበኛውን መልሶ መላክ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሚናውን ማሳደግ ማለት ቴክኒሻኑ በሕግ መሠረት እምቢ ሲል አሠሪውም ተቆጣጣሪውም ከጎኑ የሚቆሙበትን ሁኔታ መፍጠር ጭምር ነው። እምቢታውም ባዶ መሆን የለበትም፤ «ወንድሜ፣ ይህ ጉንፋን ከሆነ ይህ መድኃኒት አይሠራለትም፤ ትኩሳቱ ከቀጠለ ግን ጤና ጣቢያ ሄደህ ታይ» ብሎ መንገዱን ማሳየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው የመጋዘን ሥራ ነው፤ ለእርሱ የተለየ ጥያቄ ስለሚቀርብበት ከዚህ ቀጥዬ እመለስበታለሁ።

የመጋዘን ሥራ ከታካሚው ጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?

እጅግ ያገናኘዋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት በሚሠራበት የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየ2 ወሩ ያላቸውን ክምችትና የተጠቀሙትን መጠን አስልተው ለኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ ሲሆን፣ ወደ 2 ሳምንት ፍጆታ ሲወርድ አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። ይህን ሪፖርት በአብዛኛው ጤና ጣቢያ የሚሞላው ቴክኒሻን ነው። ቢን ካርዱ ላይ የተመዘገበው በመደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ የሚጠየቀው መጠን ይሳሳታል፤ የሚጠየቀው ከተሳሳተ የደም ግፊት መድኃኒት በወሩ አጋማሽ ያልቃል፤ ታካሚውም ማዘዣውን ይዞ ወደ ከነማ ወይም ወደ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት፣ እዚያም ካላገኘ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል። የጤና መድን ደብተር ይዞ ሳለ ከኪሱ ይከፍላል፤ ገንዘብ ካነሰው ደግሞ የወሩን መድኃኒት ለግማሽ ወር ገዝቶ ይመለሳል።

የማቀዝቀዣው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን የሚከታተልና የሚመዘግብ፣ ከገደቡ ያለፈውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ፣ ጠርሙሱ ንጹሕ መስሎ የሚታይ ነገር ግን ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ለታካሚው ይደርሳል። የሚያልፍበት ቀን የቀረበውን አስቀድሞ የማውጣት ልማድም የሚጀምረው ከዚሁ መጋዘን ነው።

ኮምፒውተር ሥራውን አይወስድበትምን?

በብዙ ተቋማት ክምችትን ለመቆጣጠር የሚያገለግለው ዳጉ የተባለው ሶፍትዌር ስሙን ያገኘው ከአፋር ሕዝብ የወሬ መለዋወጫ ባህል ነው። ስያሜው ተስማሚ ይመስለኛል፤ በአፋሩ ዳጉ መረጃው የሚታመነው ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን በሐቅ ሲያስተላልፍ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሶፍትዌሩም የሚጠቅመው የገባበት ቁጥር እውነተኛ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓትም የማዘዣ ግምገማን፣ የዋጋ ሥራን፣ ገንዘብ መቀበልንና እደላን ለይቶ በየደረጃው ባለቤት እንዲኖራቸው አድርጓል። በእነዚህ ለውጦች የቴክኒሻኑ ሥራ አልቀነሰም፤ መዝግቦ ከማለፍ የተመዘገበውን ወደ መመርመር ተሸጋግሯል። የትኛው መድኃኒት ሳይንቀሳቀስ እንደ ቆየ፣ የትኛው ከልክ በላይ እንደ ወጣ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው።

የፋርማሲስቶችን ቦታ መንጠቅ አይሆንምን?

አይሆንም ብዬ አምናለሁ፤ ግን ሥጋቱ ከምን እንደሚመነጭ ይገባኛል። ሥራ ያላገኙ የፋርማሲ ተመራቂዎች ባሉበት ከተማ፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚቀጠር ቴክኒሻን እንደ ተፎካካሪ ቢታይ አይገርምም። መፍትሔው ግን የቴክኒሻኑን ዕድገት መግታት ሳይሆን የሁለቱን የሥራ ድንበር በጽሑፍ መለየት ነው። የማዘዣውን ተስማሚነት መመርመር፣ ውስብስብ የመድኃኒት መስተጋብርን መገምገም፣ ከሐኪም ጋር ስለ ሕክምናው መወያየት የፋርማሲስቱ ነው፤ ማዘጋጀት፣ ማደል፣ መሠረታዊ ምክር መስጠት፣ ክምችት መቆጣጠር የቴክኒሻኑ ሊሆን ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀመርና በኋላም ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወርድ፣ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ድራጊስቶች ከፋርማሲስቶች ጎን ሆነው መድኃኒቱን በጥንቃቄ ሲያድሉና ታካሚዎች እንዳያቋርጡ ሲከታተሉ ነበር። ያ ልምድ በእጃችን ነው።

አንድ ቴክኒሻን በሙያው ወዴት ማደግ ይችላል?

አሁን ባለው ሁኔታ ብዙዎቹ የሚያዩት ብቸኛ መንገድ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ተምሮ ዲግሪ መያዝና ቴክኒሻንነትን መተው ነው። ይህም መልካም ነው፤ ቢሆንም ጎበዝ ቴክኒሻን ሁሉ ሙያውን ለቆ ካልሄደ በስተቀር የማያድግ ከሆነ፣ በባንኮኒው ላይ የሚቀረው ልምድ የሌለው ብቻ ይሆናል። በመጋዘን አስተዳደር፣ በካንሰር መድኃኒቶች ዝግጅት፣ በመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ልዩ ሥልጠና ወስዶ፣ ለዚያም ተመጣጣኝ ደረጃና ደመወዝ አግኝቶ እዚያው የሚያድግበት መሰላል መዘርጋት አለበት። የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር መያያዙ ጥሩ ጅማሮ ነው፤ ሥልጠናዎቹ ግን የቴክኒሻኑን የዕለት ሥራ የሚነኩ ሊሆኑ ይገባል።

ተገልጋይ እንደ መሆኔ ከእኔ ምን ይጠበቃል?

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ዳማከሴውንና ሌላውንም የቤት መድኃኒት ጨምረው ይንገሩ። የቀድሞውን ፓኬት ይዘው ይምጡ፤ በተለይ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ወደ ዳርቻ ሰፈሮች የተዛወሩና የቆየ መድኃኒት ቤታቸውን የለወጡ ሰዎች ይህን ቢያደርጉ አዲሱ ባለሙያ ታሪካቸውን ለማወቅ ይረዳዋል። ሲጠየቁም አይቆጡ፤ «ለምንድን ነው የታዘዘልዎ?» የሚለው ጥያቄ በምሥጢርዎ መግባት አይደለም። ካልገባዎት ደግሞ ይድገሙልኝ ይበሉ።

መድኃኒት ከወሰድሁ በኋላ ያልጠበቅሁት ጉዳት ቢደርስብኝስ?

መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይዘው ወደ ሰጠዎት ባለሙያ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይመለሱ፤ የመተንፈስ ችግር፣ የፊት ወይም የምላስ እብጠት ካለ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቴክኒሻኑ የደረሰብዎትን በተዘጋጀው ቢጫ ቅጽ ላይ ሞልቶ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስተላለፍ ኃላፊነት አለበት፤ እርስዎም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ።